ከሞቃት ሳምንት በኋላ የሚመጣ ውርጭ፦ የቶሮንቶ የጸደይ አበቦች

የቶሮንቶን የመጀመሪያ የጸደይ አበቦች የሚገድላቸው የክረምቱ ቁር አይደለም። በጃንዋሪ ወር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰውን ብርድ ያለ ጉዳት ያሳለፈ የቼሪ እንቡጥ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ከዜሮ በታች አራት ዲግሪ በሆነ አንድ ሌሊት ተቃጥሎ ሊያድር ይችላል። ዛፉ ያው ነው፤ ቅርንጫፉም ያው ነው። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል የተለወጠው እንቡጡ ነው፤ የለወጠውም ሙቀት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ በትክክል የሚገባው በውርጩ ሌሊት ላይ ብቻ በማተኮር ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ያለጊዜው የመጣውን ሞቃት ሳምንት በመመልከት ነው።

ቶሮንቶ የምትገኘው በኦንታሪዮ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 44 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ላይ ነው። ጸደይዋ በዝግታ የሚገባ ወቅት አይደለም። በማርችና በኤፕሪል ከደቡብ የሚነሣ ሞቃት አየርና ከሰሜን ዋልታ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር በከተማዋ ላይ ይፈራረቃሉ። ማክሰኞ ካፖርቱን ጥሎ የወጣ ሰው ዓርብ ጠዋት ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶ ሲፍቅ ማየት የተለመደ ነው። በ2018 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤፕሪል ሲጋመስ እንኳ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ከተማዋን አልብሷት ነበር። በ2020 ደግሞ በሜይ ሁለተኛ ሳምንት፣ በእናቶች ቀን ሰሞን፣ በረዶ ሲበንን ታይቷል። በመሐል ከተማ የመጨረሻው ውርጭ በአማካይ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ከሐይቁ በራቁት ሰፈሮች እስከ ሜይ አጋማሽ ይዘገያል። የከተማዋ አትክልተኞች ቲማቲምና ቃሪያ ወደ ደጅ የሚያወጡት ከሜይ 25 በፊት በሚውለው ሰኞ የሚከበረው የቪክቶሪያ ቀን ሲደርስ ነው። ይህም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። በ2015 በዓሉ ካለፈ ከቀናት በኋላ፣ በሜይ 23 የወረደ ውርጭ በኦንታሪዮ የወይንና የፖም እርሻዎችን መትቷል።

በኢትዮጵያ ደጋ አበባ የሚከተለው ዝናብን ነው። አደይ አበባ በመስከረም ሜዳውን የሚያለብሰው የክረምቱ ዝናብ መሬቱን ካጠገበው በኋላ ነው፤ የቀኑ ርዝመትም በዓመት ውስጥ ከአንድ ሰዓት ገደማ በላይ አይለዋወጥም። በቶሮንቶ ግን የዲሴምበር አጭሩ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ የጁን ረጅሙ ቀን ከ15 ሰዓት ያልፋል። ዝናብ ወይም በረዶ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም፤ የሚጠፋው ሙቀት ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ተክል የሚከታተለው የዝናብን መምጣት ሳይሆን የብርድንና የሙቀትን መፈራረቅ ነው።

የቼሪ፣ የፖም፣ የኮክና የማግኖሊያ የአበባ እንቡጥ የሚሠራው አበባው ከመፈንዳቱ ከብዙ ወራት በፊት፣ ባለፈው ዓመት ሞቃት ወራት ነው። ቀኑ እያጠረ አየሩም እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፤ እንቡጡም በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ይተኛል። ይህ እንቅልፍ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ እንቡጡ አየሩ ቢሞቅለትም አይነቃም። በኖቬምበር ለሳምንት ሞቃት ፀሐይ ቢወጣ ዛፉ አይታለልም፤ ለመንቃት አስቀድሞ የተወሰነ የብርድ ሰዓት ማጠራቀም አለበት። በተለይ የሚቆጠርለት ከዜሮ ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ ሰባት ዲግሪ ያለው ቅዝቃዜ ነው። ፖም በኢትዮጵያ እንደ ጨንቻ ባለ ደጋ እንጂ በቆላ የማይሆነውም ይህን ብርድ ስለሚሻ ነው። በቶሮንቶ ብርድ ስለማይጎድል ሒሳቡ ክረምቱ ሳያልቅ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለተኛው ደረጃ ነው። አሁን ዛፉን የሚያቆየው ውስጣዊ ሕጉ ሳይሆን የውጪው ብርድ ብቻ ነው። አደጋው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በማርች የሚመጣ እያንዳንዱ ሞቃት ቀን ለእንቡጡ ይደመርለታል። ብርዱ ሲመለስ እድገቱ ይቆማል፤ የተጓዘውን መንገድ ግን ተመልሶ አይሄድም።

ይህ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለቼሪ ገበሬዎች የተዘጋጀው የዋሺንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰንጠረዥ በግልጽ ያሳያል። ለፍሬ የሚተከለው ጣፋጭ ቼሪ እንቡጡ ማበጥ ሲጀምር ከአሥሩ ዘጠኙ እንዲሞት ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ መድረስ አለበት። የአበባው ነጭ ጫፍ ብቅ ሲል ይኸው ጥፋት ከዜሮ በታች 4.4 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። አበባው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደግሞ 3.9 ይበቃል፤ ከአሥሩ አንዱን ለመግደል 2.2 ዲግሪ በቂ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። ለማጌጫ የሚተከሉት ቼሪዎች ቁጥራቸው ጥቂት ቢለያይም መንገዱ አንድ ነው፤ አበባው ወደ መከፈት በተጠጋ ቁጥር የመቋቋም ኃይሉ ይመናመናል።

የሚደርሰው ጉዳት በዓይን በማይታይ ቦታ ይጀምራል። ቀድሞ በረዶ የሚሆነው በሴሎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይሆን በሴሎቹ መካከል ባለው ክፍተት የሚገኘው ነው፤ ይህኛው በውስጡ የሟሟ ስኳርና ጨው ጥቂት ነው። የተፈጠረው የበረዶ ቅንጣት ውሃን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሴሉ ውሃውን እያጣ ይኮማተራል። በክረምት የተዘጋጀ እንቡጥ ይህን ይችላል። ውሃው ትንሽ፣ ስኳሩ ብዙ፣ የሴሉም ሽፋን ተጣጣፊ ነው። በጸደይ የነቃው እንቡጥ ግን በውሃ ተሞልቷል፤ ያከማቸውን ስኳርም ለእድገት አውሎታል። ሽፋኑ ሲቀደድ የሴሉ ፈሳሽ ይወጣል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝም ይጠቁራል። አበባ በውርጭ መመታቱ በማግስቱ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ እንጂ ገና በረዶ ሳለ በደንብ የማይታየው ለዚህ ነው። በቅጠልና በአበባ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ሚና አላቸው። ንጹሕ ውሃ ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል፤ ሹዶሞናስ ሲሪንጌ የተባለው ባክቴሪያ ግን በላዩ ያለው ፕሮቲን የበረዶ መነሻ ስለሚሆን ውሃው ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ ላይ እንዲረጋ ያደርገዋል።

የዘገየ ውርጭ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ከሰሜን የሚነፍስ፣ ሰፊ አገር የሚሸፍን ቀዝቃዛ አየር ነው። ነፋሱ አያቋርጥም፤ ደመናም ሊኖረው ይችላል፤ ከፍታውንም ረባዳውንም እኩል ይመታል። ሁለተኛውን የመንዝና የደብረ ብርሃን ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋስ ጸጥ ሲል፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። ከመሬት ጋር የተያያዘው አየር ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና በረባዳው ላይ ይተኛል። ገብሱና ባቄላው በረባዳው ተመትቶ በተዳፋቱ ላይ የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ዓይነቱ ሌሊት በሰው ቁመት ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ እያሳየ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ሊያድር ይችላል።

ቶሮንቶ በዚህ ረገድ አንድ ከተማ አይደለችም ማለት ይቻላል። በዶንና በሀምበር ወንዞች የተቦረቦሩ ጥልቅ ሸለቆዎች ይከፋፍሏታል፤ ቀዝቃዛው አየርም በእነርሱ ውስጥ ያድራል። መሐል ከተማው በአስፋልቱና በሕንፃው ሙቀት ስለሚይዝ ከዳር ሰፈሮች በጥቂት ዲግሪ ሞቃት ሆኖ ያነጋል። ሐይቁ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። ጥልቀቱ እስከ 244 ሜትር የሚደርሰው ኦንታሪዮ ሐይቅ በክረምት እምብዛም ሙሉ በሙሉ አይረጋም፤ በኤፕሪል ውሃው ከዜሮ ብዙም ያልራቀ ቅዝቃዜ ይዞ ይቆያል። ከላዩ የሚነሣው ነፋስ የዳርቻውን አበቦች ያዘገያል። የዘገየው አበባ ከውርጩ በኋላ ስለሚፈነዳ ይህ መዘግየት መከላከያ ነው። ነዋሪው በሐይቁ ዳር ያለው ጸደይ ዘገየ ብሎ ሲያማርር፣ ዛፎቹ ግን በዚሁ መዘግየት ይተርፋሉ።

ከሁሉ ቀድመው የሚወጡት፣ መሬት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው። ስኖውድሮፕ የተባለችው ነጭ አበባ ከማርች ጀምሮ ያልቀለጠውን በረዶ ሰንጥቃ ትወጣለች። ከእርሷ በኋላ ክሮከስ፣ ቀጥሎም በአሮጌ ሰፈሮች ሣር ላይ ሰማያዊ ምንጣፍ የምትዘረጋው የሳይቤሪያ ሲላ ይመጣሉ። ለእነዚህ የኤፕሪል በረዶ አደጋ አይደለም። እንዲያውም የወደቀ በረዶ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ከነፋሱ ይጋርዳቸዋል። ክሮከስ አየሩ ሲቀዘቅዝ አበባዋን ትዘጋለች፤ ሲሞቅ ትከፍታለች። ይህን የምታደርገው የአበባዋ ውስጠኛና ውጪያዊ ገጽ ለሙቀት እኩል ስለማያድግ ነው። ዘሯን የሚያፈራው ክፍል በዚህ መንገድ ይጠበቃል።

ቢጫው ዳፎዲል ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ሰው በቅርብ ሊያየው የሚችል ምሳሌ ነው። ከዜሮ በታች በወረደ ሌሊት ማግስት፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ገደማ አትክልቱ ሲታይ የዳፎዲሉ ግንድ ሁሉ መሬት ላይ ተኝቷል። አበባው አፈር ነክቷል፤ ቅጠሉ ጨለም ብሎ እንደ ጠወለገ ተለጥፏል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ያዝናል፤ አንዳንዱም ግንዱን በዱላ ያስራል ወይም ይቆርጠዋል። መታሰርም መቆረጥም የለበትም። ተክሉ ውሃውን ከሴሎቹ አውጥቶ በመካከላቸው እንዲረጋ አድርጓል፤ የወደቀውም የሚያቆመው ውሃ ስለጎደለው ነው። ፀሐይዋ ስትጠነክር በረዶው ይቀልጣል፤ ውሃው ወደ ሴሉ ይመለሳል። እኩለ ቀን ሳይሆን አብዛኛው ቀና ብሎ ይቆማል። በዚያች ጠዋት የቀዘቀዘውን ግንድ መንካት ግን ሊሰብረው ይችላል። ቱሊፕም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሆኖም የአበባው እንቡጥ ቀለም ካወጣ በኋላ የመጣ ጠንካራ ውርጭ ጫፉን ሊያነጣው ይችላል።

በሸለቆዎቹ ጫካ ውስጥ የሚኖሩት የአገሩ አበቦች ከዚህ አየር ጋር ለሺህ ዓመታት ኖረዋል፤ መላቸውም ይደንቃል። ደም መሳይ ጭማቂ ያላት ብለድሩት ገና ስትወጣ ቅጠሏን በእንቡጧ ዙሪያ ትጠቀልላለች፤ ብርድ በሆነ ቀንና በሌሊትም አበባዋን ትዘጋለች። ሄፓቲካ ግንዷ በፀጉር የተሸፈነ ነው። በረግረጋማ ቦታ የሚበቅለው ስካንክ ካቤጅ ሽታው ደስ ባይልም ከሁሉ ይበልጣል። ያከማቸውን ስታርች እያቃጠለ ሙቀት ያመነጫል፤ በ1974 በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው የአበባው ሙቀት በዙሪያው ካለው አየር ከ15 እስከ 35 ዲግሪ በልጦ ሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። በዙሪያው ያለው በረዶ በክብ ይቀልጥለታል። በ1937 የኦንታሪዮ መለያ አበባ ሆኖ የተመረጠው ነጩ ትሪሊየም ደግሞ አይቸኩልም። የሚያብበው በሜይ ነው፤ የሜፕሉ ቅጠል ጥላውን ከመዘርጋቱ በፊት ባለው ጠባብ ጊዜ ውስጥ። ከዘር ተነሥቶ ለማበብ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅበት ተክል ስለሆነ፣ መቀንጠስ ከውርጭ የከፋ ጉዳት ያደርስበታል።

የሚጎዱት በአብዛኛው ከሌላ አገር መጥተው የተተከሉትና በትንሽ ሙቀት የሚነሡት ዛፎች ናቸው። ማግኖሊያ ከእነዚህ ፊተኛው ነው። እንቡጡ በክረምት በፀጉራም ካባ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ ካባው በኤፕሪል ሲወልቅ ግን ትልቁና ወፍራሙ የአበባው ቅጠል ምንም መከላከያ የለውም። ማታ ነጭና ሮዝ የነበረው ዛፍ በማግስቱ ቀትር ቡናማ ሆኖ ይውላል። የሚያሳዝን እይታ ነው። ዛፉ ግን አልሞተም፤ የቅጠሉ እንቡጥ ገና አልነቃም ነበርና ከሳምንታት በኋላ እንደ ወትሮው ይለመልማል።

ከተማዋ ከሁሉ አብልጣ የምትጠብቀው ሀይ ፓርክ በተባለው መናፈሻዋ ያለውን ቼሪ ነው። በኤፕሪል 1, 1959 በካናዳ የጃፓን አምባሳደር የነበሩት ቶሩ ሃጊዋራ በቶኪዮ ሕዝብ ስም ሁለት ሺህ የሶሜ ዮሺኖ ቼሪ ዛፎች ለቶሮንቶ ሕዝብ አበረከቱ። ስጦታው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ የተፈናቀሉ ጃፓናውያን ካናዳውያንን ስለተቀበለች የቀረበ ምስጋና ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የካናዳ መንግሥት ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ የባሕር ዳርቻ አስነሥቶ በካምፕ አስፍሯቸው፣ ንብረታቸውንም ሸጦባቸው ነበር። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን እንደገና የጀመሩት በቶሮንቶ ነው። በፓርኩ ቁልቁለት ላይ እስከ ግሬናዲየር ኩሬ የወረዱት ዛፎች አበባ በየዓመቱ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ሲፈነዳ እጅግ ብዙ ሰው ይጎርፋል። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከተማዋ ፓርኩን በአበባው ሰሞን ዘግታ አበባውን በኢንተርኔት እስከ ማስተላለፍ ደርሳለች።

ስለ ሶሜ ዮሺኖ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህ ዝርያ በዘር አይራባም፤ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ ይከተባል። በዓለም ያሉት የሶሜ ዮሺኖ ዛፎች በተፈጥሮ ባሕርያቸው አንድ ዓይነት ናቸው። የእይታው ውበት ከዚህ ይመነጫል፤ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይነቃሉ፤ ቅጠል ሳይቀድማቸውም ቁልቁለቱን ነጭ ያደርጉታል። አደጋቸውም ከዚሁ ይመነጫል። ልዩ ልዩ ዘር ያለው ጫካ አንዱ ቢቸኩል ሌላው ይዘገያል፤ ውርጩ አንዱን ቢያገኝ ሌላው ያመልጣል። አንድ ዓይነት ዛፎች ግን አብረው ያብባሉ፤ አብረውም ይመታሉ።

ይህ በ2016 በግልጽ ታየ። ያ ክረምት ለዘብ ያለ ነበር፤ ማርችም ሞቀ። እንቡጦቹ መንቀሳቀስ ከጀመሩ በኋላ በኤፕሪል መጀመሪያ ብርቱ ብርድ ተመለሰ። አበባ በሚጠበቅበት ሳምንት በሀይ ፓርክ የታየው እዚህም እዚያም የተንጠባጠበ ጥቂት አበባ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ዛፍ አበባውን ዘልሎ ቅጠል አወጣ። ከሩቅ የመጡ ጎብኚዎች አረንጓዴ ዛፍ አይተው ተመለሱ። ያን ዓመት ዛፎቹ ሞቱ የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ እውነት አልነበረም። የሞተው የአንድ ዓመት አበባ ነው።

እዚያው ፓርክ ውስጥ ከቼሪዎቹ ብዙም ሳይርቁ የቆሙት የአገሩ ጥቁር የኦክ ዛፎች ሌላ ስልት አላቸው። ሀይ ፓርክ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት የነበረ፣ ዛሬ በኦንታሪዮ እጅግ ብርቅ የሆነ የኦክና የሣር ምድር ቅሪት ያለበት ቦታ ነው። ቼሪው ነጭ ለብሶ ሳለ ኦኩ ገና ራቁቱን ነው። የኦክ ግንድ ውሃ የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ሰፋፊ በመሆናቸው በክረምት ብርድ አየር ገብቶባቸው ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት አዲስ ቧንቧ መሥራት አለበት። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። በማርች የመጣ ሞቃት ሳምንት ለኦክ ብዙም ትርጉም የለውም።

ውርጩ እይታን ብቻ ሳይሆን እንጀራን እንደሚነካ ያሳየው 2012 ነበር። በዚያ ዓመት ማርች አጋማሽ ላይ በምሥራቃዊ ሰሜን አሜሪካ ሰፊ ክፍል የበጋ የሚመስል ሙቀት ገባ፤ በደቡብ ኦንታሪዮ ለቀናት ከ20 ዲግሪ በላይ ሆነ። የፖም ዛፎች ከወትሮው ሳምንታት ቀድመው አበቡ። በኤፕሪል የተመለሰው ውርጭ አብቦ አገኛቸው፤ ኦንታሪዮ ከፖም ምርቷ 80 በመቶ ያህሉን አጣች። በድንበሩ ማዶ ሚሺጋን የደረሰባት ጥፋት ከዚያም የባሰ፣ 90 በመቶ ገደማ ነበር። ኤፕሪል ላይ የነበሩት ሌሊቶች ለወቅቱ እንግዳ አልነበሩም፤ እንግዳው ማርች ነው። ሞቃት ማርች ለገበሬ የደስታ ዜና ተደርጎ በዜና ሲነገር መስማት ስለዚህ ያሳስባል።

ከቶሮንቶ ሐይቁን ዞሮ ያለው የናያግራ ልሳነ ምድር የኮክ፣ የቼሪና የወይን አገር የሆነው ሐይቁ አበባውን ስለሚያዘገይለትና ሌሊቱን ስለሚያለዝብለት ነው። ይህም ሳይበቃ ሲቀር ገበሬው ረጅም ምሰሶ ላይ የተተከለ ግዙፍ ማራገቢያ ያስነሣል። በጥርት ሌሊት ሞቃቱ አየር ከዛፎቹ በላይ በአሥርና በአሥራ አምስት ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚቆይ፣ ማራገቢያው ወደ ታች እያወረደ ከቀዝቃዛው ጋር ያቀላቅለዋል። የሚገኘው ጥቅም ሁለትና ሦስት ዲግሪ ነው፤ በአበባ ጊዜ ምርትን ከጥፋት የሚለየውም ይኸው ነው። ሌላው ዘዴ ዛፉን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ እየረጋ እስካለ ድረስ በውስጡ የተሸፈነው አበባ ከዜሮ ብዙም አይወርድም። ውሃው በመሐል ከተቋረጠ ግን ጉዳቱ ውሃ ካልተረጨበት ዛፍ ይብሳል። ነፋስ የያዘ የሰሜን ብርድ ሲመጣ ሁለቱም እምብዛም አይረዱም።

ገበሬው ማለዳ የመጀመሪያ ሥራው ጥቂት እንቡጦችን ለቅሞ በምላጭ ወርዱን መቁረጥ ነው። የእንቡጡ እምብርት፣ ፍሬ የሚሆነው እንስት ክፍል፣ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ሞቷል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተው ይህ ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ከሳምንት በኋላ ነጭ ሆኖ የሚከፈት፣ ከሩቅ ጤነኛ የሚመስል፣ ነገር ግን ምንም ፍሬ የማይሰጥ አበባ ይኖራል።

በቤት አትክልት ደረጃ ማድረግ የሚቻለው ቀላል ነው። የአየር ትንበያ የሚሰጠው ኢንቫይሮመንት ካናዳ የውርጭ ማሳሰቢያ ባወጣበት ምሽት አፈሩን ውሃ ማጠጣት ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ተክሉን ማልበስ የሚገባው በአንሶላ ወይም በጆንያ ነው፤ ጨርቁ እስከ መሬት መውረድ አለበት፤ የሚሞቀው ከአፈሩ በሚወጣው ሙቀት ነውና። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካውን ያስመታዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ልብሱ ይነሣል። ከአገር ቤት የመጡ ቤተሰቦች በጓሮ ከሚተክሉት ውስጥ ጎመን ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፤ ቃሪያና በሶብላ ግን አንድ ሌሊትም አይችሉም፤ እስከ ሜይ መጨረሻ ቤት ውስጥ በመስኮት አጠገብ መቆየታቸው ይሻላል።

ውርጩ የሚነካው ሌላም ወገን አለ። በከተማዋ ከ350 በላይ የንብ ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል፤ አብዛኞቹ በቀፎ ሳይሆን በመሬት ጉድጓድና በደረቅ አገዳ ውስጥ ለብቻቸው የሚኖሩ ናቸው። በማርች መጨረሻና በኤፕሪል የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ንቦች፣ ክረምቱን ብቻዋን በአፈር ውስጥ ያሳለፈችው ትልቋና ፀጉራሟ የቦምበስ ንግሥትም ጭምር፣ ሕይወታቸው በእነዚሁ አበቦች ላይ ነው። ንግሥቲቱ የክንፏን ጡንቻ በማንቀጥቀጥ ራሷን አሙቃ የማር ንብ በማይወጣበት ብርድ መብረር ትችላለች፤ ያ ሁሉ ግን የአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ይጠይቃል። ማግኖሊያና ቼሪ ሲመቱ የሚያኖሯት የዊሎው አበባ፣ የሜፕል አበባና ያ በሣሩ ላይ የሚፈሰው ሲላ ናቸው። በኤፕሪል መጀመሪያ የደረቀውን ቅጠል ጠርጎ መጣል አትክልቱን ቢያሳምርም፣ ከሥሩ የተጠለሉትን ነፍሳት ለሚቀጥለው ውርጭ ያጋልጣል፤ ጥቂት ሳምንት መታገሡ የተሻለ ነው።

የተመታ ዛፍ ምንም መድኃኒት አያስፈልገውም። የጠቆረውን ቀንበጥ ቶሎ መቁረጥ ስሕተት ነው፤ ከሥሩ ሕያው እንቡጥ ሊኖር ስለሚችል ቅጠሉ እስኪወጣ መጠበቅ ይገባል። ማዳበሪያ ማብዛትም ለሚቀጥለው ብርድ ይበልጥ የሚጋለጥ ለስላሳ ቀንበጥ ያስወጣል። አበባውን ያጣ ዛፍ ፍሬ ስለማያሳድግ ጉልበቱን ለቅጠልና ለእንጨት ያውለዋል። የሀይ ፓርክ ቼሪዎች በ2016 ባዶ ሆነው ከዋሉ በኋላ በ2017 አብበዋል። የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሠራው በጁላይና በኦገስት ነው፤ በእነዚያ ወራት ዝናብ ከጠፋ ለወጣት ዛፍ ሥሩ ድረስ የሚዘልቅ ውሃ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠጣት ይበቃዋል።